ባዶው ቱቦ፦ የጤፍን አበባ በቅርበት ስለ ማየትና ስለ መለካት

ማራዘሚያ ቱቦ በካሜራው አካልና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው። በውስጡ መስታወት የለም፤ ብርሃንን አይሰብርም፣ አይሰበስብም፣ አያጣራም። የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ ያርቃል። ሌንሱ ከሴንሰሩ በራቀ መጠን ካሜራው ይበልጥ ቅርብ የሆነን ነገር አጥርቶ ለማየት ይችላል፤ ያም ነገር በሴንሰሩ ላይ ጎልቶ ያርፋል። ዋጋው ከማክሮ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ጀማሪ መለማመጃ ወይም እንደ ችግር ማለፊያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ባዶ ቀለበት ለምርምር ማስረጃ የሚሆን ምስል የሚሰጠው በምን ሁኔታ እንደ ሆነ፣ በምን ሁኔታም እንደማይሰጥ ማሳየት ነው። ጉዳዩን የምመለከተው ለመመረቂያ ጥናቴ በሁለት የመኸር ወቅቶች ከተከታተልሁት ከጤፍ አበባ አንጻር ነው።

ለምን ጤፍ፣ ለምን ማለዳ

የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አበባው በሁለት ስስ ቅርፊቶች መካከል ሦስት የወንዴ ክፍሎችንና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ላባ የመሰሉ የሴቴ ጫፎችን ይዟል። ይህ ሁሉ በባዶ ዓይን ሲታይ ከአንዲት ነቁጥ አይበልጥም። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑና አበባውም እንዲህ ትንሽ በመሆኑ፣ ሁለት ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ የማይቻል ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህን አመለካከት የለወጠው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ትዕግሥት ያለበት ምልከታ ነው። ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ተገነዘቡ፤ ግኝታቸውንም በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚያች አጭር ጊዜ ላይ የተመሠረተው የማዳቀል ዘዴ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ለተካሄዱት የማሻሻያ ሥራዎች በር ከፍቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ የተሰኘው ዝርያም ዱከምና ማኛ በመባል ከሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጥናቴ የወሰድሁት ነገር ግልጽ ነበር። መመዝገብ የፈለግሁት ክስተት የሚፈጸመው በሕይወት ባለው ተክል ላይ፣ በማሳው ውስጥ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። የላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ ከጠረጴዛው አይነሣም፤ ብዙ ተማሪዎች በተራ የሚጠቀሙበት ሲሆን በዚያ ሰዓትም በሩ ገና አልተከፈተም። ዛላውን ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ማምጣት ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ይለውጠዋል፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚታየው አበባ በማሳው ላይ የነበረው አበባ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ስለዚህ ያስፈለገኝ አበባው ወዳለበት የሚሄድ መሣሪያ ነበር። በእጄ የነበሩት 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ተራ ካሜራ፣ በእጅ የሚሠራ የቀዳዳ ማስተካከያ ቀለበት ያለው አሮጌ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ እንዲሁም 12፣ 20 እና 36 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ቱቦዎች ናቸው።

ሌንሱ አሮጌ መሆኑ ጥቅም ነበረው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩ አብዛኞቹ ሌንሶች ቀዳዳቸውን የሚያሰፉትና የሚያጠቡት ከካሜራው በሚመጣ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ርካሽ የሆኑት ቱቦዎች ይህን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ የብረት መገናኛ ስለሌላቸው ሌንሱ ቀዳዳውን ሊያጠብብ አይችልም። ቀለበቱን በእጅ የሚያዞሩት ሌንስ ግን ከካሜራው ምንም ትእዛዝ አይጠብቅም።

የባዶነት ስሌት

የቱቦው ሥራ በአንድ ቀላል ክፍፍል ይገለጻል። የሌንሱ ማስተካከያ በወሰን የለሽ ርቀት ላይ ሲቆም የማጉላት መጠኑ የቱቦው ርዝመት ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 50 ሚሊሜትር ቱቦ ቢገባ ማጉላቱ አንድ ለአንድ ይሆናል፤ አንድ ሚሊሜትር የሆነ ፍሬ በሴንሰሩ ላይም አንድ ሚሊሜትር ሆኖ ያርፋል። ሦስቱም ቱቦዎች ሲቀጣጠሉ 68 ሚሊሜትር ስለሚሆኑ ማጉላቱ 1.36 ይደርሳል። የካሜራዬ ሴንሰር 23.5 ሚሊሜትር ስፋትና በዚያ ስፋት ላይ 6,000 ፒክስል አለው። እንግዲህ በአንድ ለአንድ ማጉላት አንድ ሚሊሜትር በ255 ፒክስል ይወከላል፤ በ1.36 ደግሞ በ347 ያህል ፒክስል። ለጤፍ ፍሬ ቅርፅና ለአበባው መከፈት ይህ በቂ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቀድሞዎቹ ካሜራዎች እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥና የሚሰበሰብ አካል ነበራቸው፤ ወናፉ በተለጠጠ ቁጥር ሌንሱ ይርቅና ምስሉ ይጎላል። ዊልሰን ቤንትሊ በ1885 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የበረዶ ቅንጣትን ፎቶግራፍ ያነሣው የወናፍ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አያይዞ ነው። የዛሬው ቱቦ ርዝመቱ የተወሰነ ወናፍ ነው ማለት ይቻላል።

የሚከፈለው ዋጋ

ባዶ ነገር በነጻ አይሰጥም። የመጀመሪያው ዋጋ ብርሃን ነው። ሌንሱ ከሴንሰሩ ሲርቅ ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። የሚጠፋው መጠን የማጉላቱ ቁጥር ላይ አንድ ተደምሮ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ በአንድ ለአንድ ማጉላት አራት እጥፍ፣ በ1.36 ደግሞ አምስት እጥፍ ተኩል ያህል። ያለ ቱቦ ለ1/200 ሰከንድ የሚበቃው ብርሃን በአንድ ለአንድ ማጉላት 1/50 ሰከንድ ይጠይቃል ማለት ነው። የጤፍ አበባ የሚከፈተው ደግሞ ፀሐይ ገና ዝቅ ባለችበት ሰዓት ነው። መሣሪያው ብርሃን አብዝቶ የሚፈልገው ማሳው ብርሃን በሚያንሰው ጊዜ መሆኑ የዚህ ሥራ ዋነኛ ፈተና ነው።

የችግሩን መጠን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፤ ነፋስ የሌለ በሚመስልበት ማለዳም ይወዛወዛል። ዛላው በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ እንኳ በ1/50 ሰከንድ ውስጥ ምስሉ በሴንሰሩ ላይ አምስት ፒክስል ያህል ይንሸራተታል። ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ከአገዳው አጠገብ ችካል ተክሎ ዛላውን ከሚነሣው አበባ በታች በልብስ መቆንጠጫ በለሆሳስ መያዝ ነው። ሁለተኛው ፍላሽ ነው፤ በዝቅተኛ ኃይል የሚበራ ፍላሽ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላነሰ ጊዜ ስለሆነ መወዛወዙን ያቆመዋል። ፍላሹ በቀጥታ ሲያርፍ ግን አንጸባራቂዎቹን ቅርፊቶች ነጭ አድርጎ ያጠፋቸዋልና በመካከሉ ነጭ ስስ ወረቀት ወይም ነጭ ፌስታል መጋረድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዋጋ ጥልቀት ነው። በአንድ ለአንድ ማጉላት፣ በሌንሱ ላይ ኤፍ/8 ሲነበብ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 0.64 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ1.36 ወደ 0.4 ሚሊሜትር ይወርዳል። ከአንዱ ቅርፊት ጫፍ እስከ ሌላው ያለውን በአንድ ምስል አጥርቶ መያዝ አዳጋች ይሆናል። ቀዳዳውን ይበልጥ ማጥበብ መፍትሔ ቢመስልም ወሰን አለው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ዲፍራክሽን በሚባለው ባሕርይ ይሰራጫል፤ ቱቦውም ይህን ያብሰዋል። በአንድ ለአንድ ማጉላት በቀለበቱ ላይ ኤፍ/16 የሚለው ቀዳዳ በተግባር እንደ ኤፍ/32 ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ አንዲት የብርሃን ነጥብ በሴንሰሩ ላይ 0.043 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ትሆናለች። ይህም በ11 ፒክስል ላይ የተዘረጋ ብዥታ ነው። ጥልቀትን ፍለጋ ቀዳዳውን ከልክ በላይ ያጠበበ ሰው ከፊት እስከ ኋላ እኩል የደበዘዘ ምስል ያገኛል። እኔ ሥራዬን በኤፍ/5.6 እና በኤፍ/8 መካከል ወስኛለሁ።

ሦስተኛው ዋጋ ርቀት ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በአንድ ለአንድ ማጉላት ከሌንሱ የብርሃን ማዕከል እስከ አበባው ያለው ርቀት 100 ሚሊሜትር ነው፤ በ1.36 ማጉላት 87 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ የሌንሱ የፊት አካል ሲቀነስ የሚቀረው ቦታ ከአንድ ስንዝር እጅግ ያነሰ ነው። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 36 ሚሊሜትር ቱቦ ቢገባ ማጉላቱ 1.5 ይሆናል፤ ርቀቱ ግን 40 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አበባው የሌንሱን መስታወት ሊነካ ይደርሳል፣ የካሜራውም ጥላ ያርፍበታል። በተቃራኒው 100 ሚሊሜትር ሌንስ በ68 ሚሊሜትር ቱቦ 247 ሚሊሜትር ያህል ርቀት ይሰጣል፤ ማጉላቱ ግን 0.68 ብቻ ነው። ከብርሃን፣ ከጥልቀትና ከርቀት አንዱን ሳይከፍሉ ማጉላትን የሚያገኙበት መንገድ የለም።

ምስል መቼ ልኬት ይሆናል

አማካሪዬ የመጀመሪያዎቹን ምስሎች በተመለከቱ ጊዜ ስለ ውበታቸው ምንም አላሉም፤ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አንድ ሚሊሜትር የቱ ነው?» ይህ ጥያቄ የጠቅላላው ሥራ ማዕከል ሆነ። ፎቶግራፍ ያጎላል፤ ምን ያህል እንዳጎላ ካልተናገረ ግን ስለ መጠን የሚመሰክረው ነገር የለም።

በቱቦ ሲሠሩ የማጉላቱ መጠን ባልታሰበ መንገድ ይለዋወጣል። ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የሌንሱ የትኩረት ማስተካከያ ቀለበት ነው። እንደ እኔው ያለ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቀለበቱ ከወሰን የለሽ ርቀት እስከ ቅርቡ ጫፍ ሲዞር ሌንሱን በሙሉ ሰባት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህም በ50 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ ማጉላቱን ከ1.0 ወደ 1.15 ያሳድጋል። አንድ ሚሊሜትር የሆነ ፍሬ በአንዱ ምስል 255፣ በሌላው 293 ፒክስል ይሆናል። የ15 በመቶ ልዩነት ማለት ነው፤ በሁለት የጤፍ ዝርያዎች ፍሬ መካከል የምንፈልገው ልዩነት ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ምስሉን ለማጥራት ቀለበቱን ጥቂት ያዞረ ተመራማሪ በዝርያዎቹ መካከል ያላየውን ልዩነት ሊያትም፣ ያለውንም ልዩነት ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ቀለበቱ በወሰን የለሽ ርቀት ላይ ይቆምና በማጣበቂያ ፕላስተር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ምስሉ የሚጠራው ካሜራውን በማቆሚያው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ጥርት ያለው ንጣፍ ሁልጊዜ ከሌንሱ እኩል ርቀት ላይ ስለሚገኝ የማጉላቱ መጠን በምስሎቹ ሁሉ አንድ ይሆናል። በየማለዳው ከሥራ በፊትና በኋላ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍሎች ያሉት የብረት ማስመሪያ በዚያው አቀማመጥ ይነሣል። ሁለቱ የማስመሪያ ምስሎች ከተለያዩ የዚያን ማለዳ ልኬት መጣል ነው እንጂ ማረም አይደለም።

ሁለት ተጨማሪ ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው አቀማመጥ ነው። ፍሬው ወይም ቅርፊቱ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ ካልሆነ አጥሮ ይታያል፤ 20 ዲግሪ ቢያጋድል ርዝመቱ በስድስት በመቶ ያንሳል። አበባን በማሳ ላይ ፍጹም ትይዩ ማድረግ ስለማይቻል በማሳው ምስል ላይ የምመዘግበው መከፈቱንና መዘጋቱን እንጂ ርዝመቱን አይደለም፤ ርዝመት የምለካው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩ ፍሬዎች ነው። ሁለተኛው የምስሉ ዳር ነው። ተራ ሌንስ የተሠራው ሩቅ የሆነን ነገር ለማየት ነው፤ በቱቦ ሲቀርብ መካከሉ ጥሩ ሆኖ ይቆያል፣ ዳሩ ግን ይለሰልሳል፣ የቀለም ጠርዝም ያሳያል። ስለዚህ ልኬቱ ከምስሉ መካከለኛ ክፍል ብቻ ይወሰዳል።

ሌሎች አማራጮች

ቱቦን ማወደስ ሌሎችን መሣሪያዎች መንቀፍ አይደለም። ማክሮ ሌንስ ለቅርብ ርቀት ተስተካክሎ የተሠራ በመሆኑ ዳሩም እንደ መካከሉ የጠራ ነው፤ አቅም ያለው ክፍል ሊገዛው ይገባል። በሌንሱ ፊት የሚጠለቀው ማጉያ መስታወት ብርሃን አይቀንስም፤ ርካሹ ግን የራሱን ጉድለት በምስሉ ላይ ይጨምራል። ሌንሱን ገልብጦ መግጠም ከፍተኛ ማጉላት ይሰጣል፤ ይሁንና የሌንሱን የኋላ መስታወት ለማለዳ ጤዛና ለማሳ አቧራ ያጋልጣል። የአበባ ብናኝን ቅንጣት ለመመርመር ደግሞ ከማይክሮስኮፕ ሌላ መንገድ የለም። የቱቦው ቦታ በእነዚህ መካከል ነው፤ ከዓይን አልፎ ከማይክሮስኮፕ ሳይደርስ፣ ከቤት ውጭ፣ በሕይወት ያለውን ነገር ማየት። መስታወት የሌለው መሆኑም አንድ መልካም ጎን አለው፤ የሌንሱን ችሎታ ያበድራል እንጂ የራሱን እንከን አያስገባም። በምስሉ ላይ የሚታየው ጉድለት ሁሉ የሌንሱ፣ የብርሃኑ ወይም የሠሪው ነው።

ምስሉ ሊናገር የሚችለው

የጥልቀት ማነስን ለማሸነፍ ዛሬ የተለመደው ዘዴ ካሜራውን ጥቂት በጥቂት እያስጠጉ ብዙ ምስሎችን ማንሣትና ጥርት ያለውን ክፍል ከየምስሉ በኮምፒውተር ማዋሐድ ነው። ለደረቀ ፍሬ ይህ ያለ ችግር ይሠራል። በመከፈት ላይ ላለ አበባ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ስድስት ምስሎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢነሡ የፊተኛው ቅርፊት የመጀመሪያውን ቅጽበት፣ የኋለኛው የመጨረሻውን ያሳያል፤ ሲዋሐዱ የሚገኘው ምስል በየትኛውም ቅጽበት ያልነበረ አበባ ነው። ለመጽሐፍ ሽፋን ይህ ጉዳት የለውም። «አበባው በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ተከፍቶ ነበር» ለሚል ዓረፍተ ነገር ግን ማስረጃ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ የሰዓት መዝገብ የሚሆኑ ምስሎቼ ነጠላ ናቸው፤ ከፊላቸው የደበዘዘ ቢሆንም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። የጠሩትና የተዋሐዱት ምስሎች የአበባውን አካላት ለማስተዋወቅ ብቻ ያገለግላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ አይቀላቀሉም።

ከዚህ ሁሉ ለተመራቂ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ስለ መግለጫ ጽሑፍ ነው። በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ በቅርበት የተነሡ የነፍሳት፣ የቅጠልና የፍሬ ምስሎች እየበዙ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ከሥራቸው የሚነበበው የነገሩ ስም ብቻ ነው። አንድ ምስል ማስረጃ እንዲሆን ቢያንስ አምስት ነገሮች አብረውት ሊቀመጡ ይገባል፦ የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ የቱቦው ርዝመት፣ በሌንሱ ላይ የተነበበው የቀዳዳ ቁጥር፣ በማስመሪያ ምስል የተረጋገጠ የሚሊሜትር መስመር፣ እንዲሁም ምስሉ ነጠላ ወይም የተዋሐደ መሆኑ። እነዚህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ካለ ሌላ ተማሪ፣ በሌላ ማሳ፣ በራሱ ካሜራና በሌላ ቱቦ ያንኑ ምስል ደግሞ ሊያነሣና ልኬቱን ሊፈትን ይችላል። ከሌለ ግን ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር የአንባቢውን እምነት ይለምናል እንጂ ሊመረመር አይችልም።